ምንም አልነበረበትም ያልኩት ቦታ

ለምሳሳልሽ እትዬ፦

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ሆነ፣ ጠዋት ስትነሺ ጨምድዶ የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የምትቆሚው? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ "ቆይ እህል ልቅመስና" እያለች ትራሷ ሥር ትሸጉጠዋለች? የልጆቹ ሳል ተሻላቸው? የጥርሶ የፊት ጥርስ በቀለለት ወይስ አሁንም ሲስቅ በሩን መዝጋት የተረሳ ቤት ይመስላል? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የምለብሰው አላጣሁም። አካሌን ነው ያልኩሽ። የቀረውን እያነበብሽ ትደርሽበታለሽ።

ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። የላኩልሽን ፎቶ በፍሬም አስገብተሽ ከበሩ ትይዩ እንደሰቀልሽው፣ የመጣውን እንግዳ ሁሉ "ይቺን አሮጌ የስፌት መኪና እንዲህ ያደረገቻት እህቴ ናት" እንደምትዪው፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሳይቀር መነጽሩን አድርጎ አይቶ "እጇ ይባረክ" እንዳለ ጽፈሽልኛል። እትዬ፣ በእማዬ ይዤሻለሁ፣ ያንን ፎቶ አውርጂልኝ። ሌላ እንግዳ ሳይመጣ ዛሬውኑ አውርጂው። ለምን እንደሆነ ሁሉንም እነግርሻለሁ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ አትቆጪኝ።

የምሠራበትን ቤት በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ጠባብና ረጅም ነው፣ የባቡር ፉርጎ በይው። በግራና ቀኝ ግድግዳው ከወለል እስከ ኮርኒስ መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው ላይ የድሮ የልብስ ስፌት መኪናዎች ከነአቧራቸው አንገታቸውን ደፍተው ተደርድረዋል። ባለቤቱን የሰፈሩ ሰው "ጋሽ ቀስታ" ነው የሚላቸው፣ ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ። ከተዘጉ የስፌት ቤቶች፣ ባለቤታቸው ከሞተባቸው ሰዎች፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ከዶሮ ቤት ውስጥ መኪና ገዝተው አምጥተዋል። የትኛው ፋብሪካ በየትኛው ዓመት እንደሠራት ይለያሉ፣ ያድሳሉ፤ አንዳንዷን ይሸጣሉ፣ አንዳንዷን "ይቺንስ ሬሳዬ ሳይወጣ አልሰጥም" ብለው ያስቀምጣሉ። ከዚህ ሌላ የሰው መኪና ሲበላሽ ይጠግናሉ።

ዲግሪዬን ይዤ ዘጠኝ ወር በር ካንኳኳሁ በኋላ "ግቢ" ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ብሎን ስለይ ነው ያሳለፍኩት። ካቻቢቴ ባነሳሁ ቁጥር "ቀስታ ኢንጂነሯ" ይሉኛል፣ "ይቺ ብሎን አያትሽን ትበልጣለች፤ እያከበርሽ ፍቻት።" እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይንተከተክ ነበር። አብረውኝ የተመረቁት ድልድይ ላይ ቆመው፣ የፋብሪካ ቆብ አድርገው ፎቶ ይልካሉ፣ እኔ ደግሞ ጥፍሬ ውስጥ የመቶ ዓመት ዝገት ይዤ እገባለሁ። አንድ ነገር፣ አንድ የራሴ የሆነ ነገር ሠርቼ ለማሳየት ቸኩዬ ነበር።

ከሥራው ሁሉ የወደድኩት መለየቱን ነው። የመኪናዋ መቀመጫ ላይ ያለው አቧራ ሲጠረግ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር ይወጣል፣ ከፊቱም አንድ ሁለት ፊደል አለ። ጋሽ ቀስታ በእጃቸው የጻፉት ወፍራም ደብተር አላቸው፤ ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ያለው በዚህ ዓመት ተሠራ ይላል። ቁጥሩ የተፋቀ ቢሆን እንኳ ሌላው ነገር ያወራል፦ የአንገቷ አጎነባበስ፣ የታችኛውን ክር ይዛ የምትመላለሰው መወርወሪያ እንደ ጀልባ የሾለች ወይም ክብ መሆኗ፣ ገላዋ ላይ በወርቅ ቀለም የታተመው አበባ። ደብተሩን ስገልጥ ልቤ እንደ ፈተና ውጤት ቀን ነው የሚመታው።

ከአንድ ወር በፊት፣ ትንሽ ያልፈዋል፣ አንድ ሹፌር የእናቱን መኪና ተሸክሞ ገባ። ስፌት እየዘለለች አስቸገረች አለ። ለጉዞ ሊወጣ ስለሆነ በሳምንቱ እንደሚወስዳት ተናገረ፣ ሌላ ምንም አላወራም። ጋሽ ቀስታ መኪናዋን ገልበጥ አድርገው አዩአትና "መርፌዋና መወርወሪያዋ መገናኛቸው ላይ ተላልፈዋል። እሱን አስተካክዪ፣ ዘይት ስጫት፣ በቃ። ሌላ ቦታ እጅሽ እንዳይደርስ" አሉኝ። በነጋታው ወንድማቸው ታሞ ተጠሩ፤ ለሦስት ሳምንት ቁልፉን ለእኔ ሰጥተው ሄዱ።

የታዘዝኩትን በአንድ ጠዋት ጨረስኩ። ስፌቷ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ሆነ። ሹፌሩ እስኪመጣ ገና ስድስት ቀን አለ፣ ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ መኪናዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ቁጥሯን ፈልጌ አገኘሁ፣ ደብተሩን ገለጥኩ። በዚያ ዓመት ከተሠሩት ውስጥ ጥቂቶቹ ላይ ብቻ ከአበባው መሀል ወፍ ታትሞ ነበር ይላል። በላምባ የራሰ ጨርቅ ይዤ ከአንገቷ በታች ቀስ ብዬ ሳሻት ከጥቁሩ እድፍ ሥር የወርቅ ክንፍ ብቅ አለ። እትዬ፣ ብቻዬን ጮህኩ! ያቺ ክንፍ ናት ያበላሸችኝ።

አሁን የማወራሽን ልብ ብለሽ አንብቢ። ከመርፌው በስተቀኝ፣ ጨርቁ በሚያልፍበት ጠፍጣፋ ብረት ላይ አራት የደረቁ የሙጫ ጠብታዎች ነበሩ። የላይኛውን ክር የምታጠብቀው ቁልፍ ጠርዟ በሞረድ ተበልቷል። ስፌቱ የሚረዝም የሚያጥርበት መለኪያ ላይ ሦስት ቦታ ተቆርጧል። መዘውሩ ላይ ደግሞ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ የጨርቅ ቋጠሮ ነበር። ይሄን ሁሉ አይቼ "ምን ዓይነት ግድየለሽ ሰው ነው እንዲህ ያለች ዕቃ የሚጫወትባት" ብዬ ተናደድኩ። ሙጫውን በምላጭ ፋቅሁት። ቋጠሮውን ቆርጬ ጣልኩት። ብረቱን፣ ቁልፉንና መለኪያውን አውጥቼ መደርደሪያ ላይ ካለች ከማትሠራ እህቷ ንጹሑን ነቅዬ ገጠምኩላት። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ቫርኒሽ ቀባሁ፣ ወፏ ሙሉ በሙሉ ወጣች። የተነቀለውን ውዳቂ ብረት በሚጠራቀምበት ባልዲ ውስጥ ወረወርኩት፤ ብረት ገዢውም በቀኑ መጥቶ ባልዲውን አራግፎ ሄደ። ከዚያ ፎቶ አነሳኋት። ከማጽዳቴ በፊት አንድ አንስቼ ነበርና ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ አየሁና ደስታዬ ወሰን አጣ። ላንቺ የላኩት የሁለተኛውን ቅጂ ነው።

ሹፌሩ ሲመጣ አላወቃትም። ቁጥሯን አሳየሁት፣ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ ወሰዳት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፤ በአንድ እጁ መኪናዋን ታቅፏል፣ ሌላውን ክንዱን አንዲት ጠና ያሉ ሴት ይዘውታል። ሴትዮዋ ሲገቡ የበሩን መቃን በጣታቸው ነካ አደረጉ፣ ደረጃውን በእግራቸው ፈለጉት። እኔ እንግዲህ ዲግሪ ያለኝ ሰው፣ ያኔም አልገባኝም።

መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው። እጃቸውን ዘረጉና መዘውሩን ዳሰሱ፣ ቁልፉን ዳሰሱ፣ ከዚያ ከመርፌው በስተቀኝ ያለውን ብረት በሌባ ጣታቸው ወደፊት ወደኋላ አሹት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። "ይሄ የኔ አይደለም" አሉ። "የኔን መልሱልኝ።"

ልጃቸው "እማ፣ ያንቺው ነው፣ ቁጥሩን በዓይኔ አይቻለሁ" አላቸው። "እኔ በቁጥር አልሰፋም" አሉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ወደ እኔም ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎኔ። "ልጄ፣ እዚህ ጋ የነበረው ምን ሆነ?"

ያኔ ገባኝ፣ እትዬ። ጣታቸው ባዶው ብረት ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። አራቱ ጠብታ፣ ሦስቱ ቁርጥ፣ ቋጠሮው፤ ዓይናቸው እዚያ ነበር የተቀመጠው። ብረት ገዢው ወስዶታል። ጋሽ ቀስታ አትንኪ ብለውኝ ነበር። ፎቶውም ላንቺ መንገድ ላይ ነበር። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ "ምንም አልነበረበትም እማማ። ተጠርጎ ነው እንጂ ያው ነው፣ ይለምዱታል" አለ።

ሴትዮዋ አልተከራከሩኝም። ቢጮሁብኝ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጣታቸውን አንስተው በሌላው እጃቸው ጨበጡት። "እንግዲያው ዓይኔ ሲሄድ እጄንም ይዞት ሄዷል" ብለው ልጃቸውን ክንዱን ያዙት። በሩ ላይ ሲደርሱ ልጃቸው ወደ እኔ ዞሮ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን ነው ይቅርታ የጠየቀው!

ጋሽ ቀስታ የተመለሱት ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ሁለቱ ፎቶዎች ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። ሁለተኛውን ገፋ አድርገው የመጀመሪያውን አነሱ፣ መነጽራቸውን አጠለቁ። "ይሄ ሙጫ የት ሄደ?" አሉኝ። ፋቅሁት አልኳቸው። "ለምን?" ቆሻሻ መስሎኝ አልኳቸው። ፎቶውን ዓይኔ ሥር አስጠጉት። "ቆሻሻ እንዲህ እኩል እኩል ርቀት ጠብቆ ይቀመጣል ወይ፣ ኢንጂነሯ?"

ታዲያ ካወቁ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። "የሴትዮዋ ምስጢር ነዋ" አሉ። "ልጃቸው ያላወራውን እኔ ምን ቤት ነኝ? አትንኪ አልኩሽ፣ ይበቃ ነበር።" ከዚያ የተናገርኩትን ነገርኳቸው፤ ምንም አልነበረበትም ማለቴን። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። "ብረቱ ብረት ነው" አሉ በመጨረሻ። "ይሄኛውን ግን አንቺው ሄደሽ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ አብሬሽ አልመጣም።"

ብረት ገዢው ጋ ሮጥኩ። ጭነቱ ወደ ማቅለጫ ከሄደ ሰንብቷል፤ ቤት የሚያክል ክምር አሳይቶኝ "ከዚህ ውስጥ አንዲት ቁልፍ? እህቴ፣ ጤናሽ ነው?" አለኝ። ከዚያ ደግሞ ሦስት ቀን ፈርቼ ተቀመጥኩ። ይሄንንም እንዳትዘዪው።

ቤታቸው ከመንገድ አራት ደረጃ ዝቅ ያለ አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፤ መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ የእኔ ወፍ ፀሐይ ላይ ታበራለች። ወለሉ ላይ ጠርዛቸው የተጠማዘዘ የትራስ ልብሶች ተከምረዋል። ኋላ እንደሰማሁት ሴትዮዋ ለአንድ ትልቅ ሱቅ የትራስ ልብስ ነበር የሚሰፉት። ሐኪም እይታቸው ከዓመት ዓመት እየጠበበ እንደሚሄድ የነገራቸው ጊዜ አናጺው ባላቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ እሳቸው ዓይናቸውን በሻሽ አስረው እየሰፉ፣ "እዚህ ጋ" ባሉት ቦታ ላይ ሙጫ ጠብ እያደረገ፣ በሞረድ እየቆረጠ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ለልጃቸው እንኳ ሳይነግሩ ሠሩት። ባልየው ካቻምና ሞቷል። ሱቁ እስከ ዛሬ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ተቆጣጣሪው "እንደ እርስዎ ጠርዝ የሚያቀና የለም" ይላቸው ነበር። በዚያ ሰሞን መጥቶ የተጠማዘዘውን አይቶ "አርጅተዋል እናቴ፣ ከእንግዲህ አይድከሙ" ብሎ ያልተሰፋውን ጨርቅ ሰብስቦ ሄዷል።

ቆሜ ነው የነገርኳቸው። ፋቅሁት፣ ቆረጥኩት፣ ጣልኩት፣ ከዚያ ዋሸሁዎት አልኩ። ሴትዮዋ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ልጃቸው ነው የተናገረው። "እኔ እኮ አንቺን አምኜ ቅዠት ነው አልኳት" አለ። "እናቴን! እየሰደበች እጇን ጠረጴዛ ላይ ስትመታ አይቼ ተይ አረጀሽ አልኳት።" ሴትዮዋ በመጨረሻ "ሁለት ሳምንት ሙሉ እጄን ስረግም ነው የሰነበትኩት" አሉ። ከዚያ "ሂጂልኝ" አሉኝ። ሄድኩ።

በማግስቱ ሙጫና ሞረድ ይዤ ተመለስኩ፤ በሩ አልተከፈተልኝም። በሦስተኛው ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ከውስጥ "አሁንም እዚያ ነሽ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አለሁ አልኩ። "ለጎረቤቱ እዳ ሰብሳቢ መስለሽዋል፤ ግቢ" አሉኝ። ይቅርታ እንዳይመስልሽ። እስካሁንም ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጋሽ ቀስታ ጋ፣ ከሰዓት ደግሞ እሳቸው ጋ ነኝ። የመጀመሪያውን ፎቶ በማስመሪያ ለክቼ ጠብታዎቹን መልሼ በቦታቸው አኖርኩ፤ ኢንጂነር ነኝ አይደል? አንዱም አልሆነም። ፎቶው የሚያውቀው ዓይንን ነው፤ የሴትዮዋ ጣት የሚፈልገው ፀጉር የምታክል ልዩነት ላይ ያለ ነገር ነው። "ወደ ግራ። አበዛሽው። አሁን ደግሞ ከፍ ብሏል፣ ተራራ ሠራሽብኝ።" እፍቃለሁ፣ አደርጋለሁ፣ እስኪደርቅ እንጠብቃለን፣ ይዳስሱታል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያ ያማረብኝ ቫርኒሽ አሁን የተፋቀ ድስት መስሏል። አንዳንድ ቀን ጣታቸው የሚፈልገውን እሳቸውም በቃል ሊነግሩኝ አይችሉም። "እሱ ነበር የሚያውቀው" ይሉና ያበቃል፤ ሻይ እንኳ ሳንጠጣ እለያቸዋለሁ። በአሥራ አንድ ቀን የጨረስነው አንዲት ጠብታ ብቻ ናት፣ የጠባቡን ጠርዝ መስመር የምትይዘዋ።

ዛሬ ያቺን ጠብታ ይዘው ከአሮጌ አንሶላ የተቀደደ ቁራጭ ላይ አንድ ሙሉ ጠርዝ ሰፉ። እግራቸው ፔዳሉ ላይ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ልጃቸው በሩ ጋ ቆሟል። ክሩን በጥሰው ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘረጉትና "ቀጥ ብሏል?" አሉኝ።

አየሁት። እስከ መሀሉ ጥሩ ሄዶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ቀና ስል ልጃቸው "አዎ በያት" እያለ በጭንቅላቱ ምልክት ይሰጠኛል፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። አዎ የሚለው ቃል እትዬ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። በጎ ነገር ይመስል ነበር። ባለፈውም ጊዜ እኮ በጣም ቀላል ነበር።

"አልቀናም እማማ" አልኩ። "እስከ መሀሉ ቀንቷል፣ ከዚያ ግማሽ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ሸሽቷል።"

"ከየት ጀምሮ?" አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ላሳያቸው ጎንበስ ስል አውራ ጣታቸው ጨርቁ ላይ ተቀምጧል። ከሚሸሽበት ቦታ ላይ፣ ልክ እዚያው ላይ፣ ሳልነካው ቆሞ ይጠብቀኛል። "እዚህ ነው እማማ፣ ጣትዎ ያለበት" አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሱ። "እኔም እዚህ ጋ ሸሸ ብዬ ነበር" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእጃቸው። ከዚያ ጨርቁን ወረወሩልኝ፤ "ፍቺው።"

ፈታሁት፤ ክሩን አንድ በአንድ። ሱቁ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥቷል፣ የሚመልስላቸውም አይመስለኝም። የቀሩት ሦስት ጠብታዎች መቼ እንደሚገኙ፣ ቁልፏም እንደ ድሮው ትሁን አትሁን አላውቅም። ይሄ ነው ያለው ነገር፣ ከዚህ አሳምሬ ልጽፍልሽ አልችልም። አሁን ለሁለተኛዋ ጠብታ ሙጫ አድርገናል፤ እስኪደርቅ ወረቀት አውጥቼ ይሄን ስጽፍልሽ ሴትዮዋ "ለማን ነው የምትሞነጫጭሪው?" አሉኝ። ለእህቴ አልኳቸው። "ሰላም በያት" ብለዋል፤ አድርሻለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ይሄን ደብዳቤ ስታነቢላት የዋሸሁበትን ቦታ እንዳትዘዪባት፣ ድምፅሽንም ዝቅ አታድርጊ። ለባለቤትሽ ለወንድሜ ሰላምታዬን አቅርቢ፤ ሥራ እንዳታማርጪ ብሎ የመከረኝን አልረሳሁም በይው። ለጥርሶ አንድ ከረጢት የማይረባ ብሎን አጠራቅሜለታለሁ፣ አፉ ውስጥ እንዳይከት ብቻ ተጠንቀቂ። ድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጯን ንከሺልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊውም ሰላም በይልኝ፤ ምርቃቱን መልሼለታለሁ፣ ገና አልደረስኩበትም። አንቺ ደግሞ ከባድ ዕቃ አታንሺ፣ ወገብሽን ሙቅ ውኃ ያዢበት።

የምትወድሽ ታናሽሽ

ከሴትዮዋ ቤት፣ ከአራተኛው ደረጃ ላይ
ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ